የግራኝ ጠመንጃ

በሂንተርፍሉ መንደር «እርስዎ» የሚባለው ቃል እንደ እርጥብ ጃንጥላ ነው፤ የተኩስ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተትቶ ይገባል። ከደጁ ውጭ ቄሱም፣ የግብር ሹሙም፣ የዓይን ሐኪሙም «እርስዎ» ናቸው። መቃኑን ካለፉ በኋላ ግን ሁሉም «አንተ» ነው፤ ሴት ከሆነች «አንቺ»። አባቶቻችን ይህን ሕግ ያወጡት ጠመንጃ የያዘ ሰው በማዕረግ እንዳይኮራ ብለው ይሁን፣ ወይስ ለመጠጥ ምክንያት ሲፈልጉ አግኝተውት፣ የሚያውቅ የለም። ብቻ ከባንኮኒው በላይ ጥጃ የሚያህል የላም ደወል ተሰቅሏል። አንዱ አፉን አዳልጦት «እርስዎ» ካለ ወይም በ«እርስዎ» ወግ ከተናገረ ደወሉ ይደወላል፤ ጥፋተኛውም ለቤቱ ሁሉ ወይን ይጋብዛል። አንድ ጊዜ ጳጳስ የማኅበሩን ባንዲራ ሊባርኩ መጥተው አሥራ አንድ ጊዜ «እርስዎ» ብለው ነበር። የመጡት ለገና ነው፤ የመንደሩ ስካር የበረደው ለፋሲካ።

መንደራችን ቁልቁለት ናት። ዶሮዎቻችን የጣሉትን እንቁላል የሚለቅሙት የታችኛው መንደር ሰዎች ናቸው፤ አንድ ቀን እንኳን አመስግነውን አያውቁም። ከዚያ ወደዚህ የሚያወጣው መንገድ ሃያ ሰባት ጥምዝ አለው። ከሁሉም የከፋውን «ክርኑ» እንለዋለን። እዚያ ላይ በስተዳር ጉልበት የማይደርስ የድንጋይ ግንብ አለ፤ ከግንቡ በታች አየር፣ ከአየሩ በታች ወንዝ።

በዚህ መንገድ ላይ ቀዩን አውቶቡስ ሠላሳ አንድ ዓመት የነዳው ፍሪድሊ ኤልመር ነው። ቀይ ፊት፣ አጭር አንገት፣ ትላልቅ እጆች፤ ቁጣ የማያውቅ ሰው። በአንድ እጁ ፖም እየላጠ በሌላው ክርኑን ይታጠፈው ነበር፤ ልጣጩም ሳይበጠስ ታችኛው መንደር ይደርሳል። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ተኳሽ ነው። በየዓመቱ መስከረም ላይ በሚደረገው የወቅቱ መዝጊያ የተኩስ ውድድር ሃያ ሁለት ጊዜ ሁለተኛ ወጥቷል። አንደኛ የወጣ ሰው የቅጠል አክሊል ተሸልሞ እስኪደርቅ ድረስ በቤቱ በር ላይ ይሰቅለዋል። ፍሪድሊ በመጀመሪያው ዓመት ተስፋ አስቸኩሎት በሩ ላይ ሚስማር መትቶ ነበር። ሚስቱ ቭረኒ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የዕቃ መጥረጊያ ጨርቋን የምትሰቅለው እዚያ ላይ ነው።

ከዚህ በታች የማወራው ነገር ግማሹን እኛው ያየነው ነው፤ ሌላውን በኋላ ቭረኒ ነግራናለች። ቭረኒ ደግሞ ለማጋነን ጊዜ የላትም፤ ያ የኔ ሥራ ነው።

በጸደይ ወራት ፍሪድሊ ቀኝ ዓይኑ ጭጋግ ጭጋግ ብሎት ወደ ከተማ ወረደ። የዓይን ሐኪሙ ዶክተር ማርቲ ነው። ዶክተር ማርቲ በተኩስ ቤት ካስፓር ይባላል፤ ፍሪድሊም «አንተ ካስፓር፣ ያቺን ሰናፍጭ አቀብለኝ» ይለዋል። እዚህ ግን ነጭ ካፖርት ለብሷል።

«አቶ ኤልመር፣ ይቀመጡ» አለው። መርምሮት ሲጨርስ መብራቱን አጠፋ። «የቀኝ ዓይንዎ ነርቭ እየሞተ ነው። ጨለማው ከቀኝ ጠርዝ ይጀምርና ወደ መሃል ይገፋል።»

«በስንት ጊዜ?»

«አላውቅም። ዛሬ ያለው ለመንዳት ይበቃል። በየወሩ እየመጡ እንለካዋለን። መስመሩን ያለፈ ቀን ግን የአውቶቡሱን ቁልፍ ያስረክባሉ፤ በማግስቱ ሳይሆን በዚያው ቀን።»

«ካልመጣሁስ?»

ዶክተሩ የቀለደ መስሎት ሳቀ።

ፍሪድሊ ከዚያ በኋላ አልሄደም። ያለ አውቶቡሱ ምን እንደሚሆን ለማሰብ ሞክሮ፣ ከራሱ ጋር የሚያወራው አንድም ነገር አጣ። መንገዱን እንደሆነ በልቡ ያውቀዋል። ሃያ ሰባቱንም ጥምዝ በእንቅልፉ ይነዳቸዋል፤ ሌሊት እግሩ ፍሬን ሲረግጥ የቭረኒን ባት ይመታው ነበር።

ታዲያ በግንቦት የአውቶቡሱ የቀኝ መስታወት ተሰበረ። «የግንድ መኪና ነው የገጨኝ» አለ፤ በሽቦ አሰረው። በሰኔ የአንዲት አሮጊት ቀይ አበባ ከነሳጥኑ ከመስኮቷ ጠፋ። ከአውቶቡሱ ቀኝ ጎን ተንጠልጥሎ፣ አራት ፌርማታ ተጉዞ፣ እያበበ ታችኛው መንደር ገባ። እዚያም አጨበጨቡለት። በሐምሌ የሄይሪ ፍየል አንድ ቀንዷን አጣች። ሄይሪ ሥጋ ሻጫችን ነው፤ የተኩስ ማኅበሩም ሊቀ መንበር፤ የፍሪድሊ የልጅነት ጓደኛ። በሳቅ ብዛት በቀብር ላይ ከኋላ እንዲቆም የተወሰነበት ሰው ነው። «አሁንማ ቆነጀች፤ እንደ ባርኔጣ ዘመም አለላት!» አለ። እኛም ሳቅን። በነሐሴ ክርኑ ላይ ካለው የድንጋይ ግንብ ጫፍ፣ ስንዝር የሚያህል ቀይ ቀለም ታየ።

በዚያም ሳቅን መሰለኝ። ቀለሙን ግን ማንም አልፋቀውም።

ቤት ውስጥ ፍሪድሊ በስተቀኙ ያለውን ዳቦ ለማንሳት ጭንቅላቱን በሙሉ እንደ ጉጉት ያዞር ጀመር።

«አንገትህን ነው ወይስ ዓይንህን?» አለችው ቭረኒ።

«ትከሻዬን።»

«ትከሻህ ነው ዳቦ የማያይ?»

ዳቦውን ቆረሰ። በተኩስ ሜዳም ሦስት መቶ ሜትር ላይ ያለው ጥቁር ክብ በቀኝ ዓይኑ ሲያየው ሻይ ውስጥ እንደ ወደቀ ስኳር ሟሟ። ግራ ዓይኑ ግን ጤነኛ ነው። ችግሩ ጠመንጃው ነው፤ የዒላማ ጠመንጃ እንደ ጫማ ነው፣ ለቀኝ የተሠራውን በግራ ትከሻ ቢደግፉት ሰደፉ ጉንጭ ይገፋል፣ መቀርቀሪያው እጅ አይገኝለትም። ለግራኝ በወጉ የሠሩት የሄፍቲ ወንድማማቾች ብቻ ነበሩ። እነሱም አሥራ ዘጠኝ ሠርተው፣ ሰደፉ ከምን እንጨት ይሁን በሚል ተጣልተው፣ ፋብሪካውን ዘጉት። ይሄው አርባ ዓመት ሆነው። ከአሥራ ዘጠኙ አንዱን የያዘ ሰው አማቱን ይሸጣል እንጂ እሱን አይሸጥም።

በነሐሴ መጨረሻ በተኳሾች ጋዜጣ የመጨረሻ ገጽ ላይ፣ ከንብ ቀፎና ከአኮርዲዮን መካከል፣ ይህ ማስታወቂያ ወጣ፦ «ሄፍቲ፣ የግራኝ፣ የሟች ባለቤቴ። ገዢው ራሱ ይምጣ። በባቡር ይምጣ።»

ፍሪድሊ «በባቡር» የሚለውን አንብቦ ትከሻውን ነቀነቀ፤ ያውም የታመመውን። በመኪናው ሄደ። የሴትዮዋን ቤት ከሩቅ ሲያይ መኪናውን ከአንድ ጎተራ ጀርባ ደበቀና፣ ከጣቢያ እንደ መጣ ሰው አቧራውን እያራገፈ በር አንኳኳ።

ወይዘሮ ሬጉላ ረጅም ሴት ናት፤ ስትናገር የማትቸኩል። አየችው፣ ከኋላው ያለውን መንገድ አየች።

«ተኳሽ ነህ?»

«ነኝ፣ ወይዘሮ።»

«እንግዲያው አንተ እልሃለሁ፤ አንተም ሬጉላ በለኝ። ባቡሩ እንዴት ነበር?»

«ምቹ ነው። በሰዓቱ ገባ።»

«ዛሬ ሃያ ደቂቃ ዘግይቷል» አለች፤ የፖም ወይንም ቀዳችለት። ብርጭቆውን በስተቀኙ አስቀመጠችው። ፍሪድሊ ጠረጴዛውን ለመዳሰስ ቀኝ እጁን ላከ፤ እጁ ብርጭቆውን አልፎ ሄደ፣ ተመለሰ፣ አገኘው። ሬጉላ እጁን እየተከተለች አየች።

ጠመንጃው አልጋ ላይ፣ በብርድ ልብስ ላይ ተጋድሞ ነበር። ጥቁር የዋልነት እንጨት ሰደፍ፤ መቀርቀሪያው በግራ፤ ምላጩ ብርሃን ብቻ እስኪመስል የሳሳ። ፍሪድሊ አንስቶ ወደ ግራ ትከሻው ሲያመጣው ጉንጩ ቦታውን ራሱ አገኘ። የማያውቀው ሰው ጉንጭ የተኛበት ጉድጓድ ለሱ ልክ ነበር።

«ግራኝ ሆነህ ነው የተወለድከው?»

«ከልጅነቴ ጀምሮ።»

«ዮስትም ለሰው እንደዚያ ነበር የሚለው።» ዮስት ሟቹ ነው። ተቀመጠች። «ቀኝ ዓይኑ ሲጠፋበት ነው ይሄን የገዛው። አንድ በጋ ተኮሰበት። አምላኬ፣ እንዴት ተኮሰ! በሩ ላይ ሦስት አክሊል ሰቀልን፤ ፖስተኛው የቤቱ በር ጠፍቶት ደብዳቤ በመስኮት ይወረውር ነበር። ሥራው የወተት መኪና መንዳት ነው፤ ከላይ ካለው ግጦሽ ወተት ያወርዳል። በጥቅምት አንድ ጠዋት ወንዙ ነጭ ሆኖ ወረደ። እስከ ሦስተኛው መንደር ድረስ ነጭ። ሰዎች ድልድይ ላይ ወጥተው ይስቁ ነበር፤ አይብ ፋብሪካዎቹ ቀለዱብን ብለው። አንዲት ልጅ በኩባያ ቀድታ ጠጣች። ከዚያ የዮስት ባርኔጣ መጣ።»

ፍሪድሊ ምላጩን ይነካካ ነበር።

«አንተስ? ሥራህ ምንድን ነው?»

«አናጢ» አለ። እንዴት እንደ ወጣለት እሱም አያውቅም።

በሕጉ መሠረት የሽያጭ ውል ተጻፈ፤ ሁለቱም አሥር ዓመት መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጡታል። ብዕር ሰጠችው። ከልጅነቱ ግራኝ የሆነው ፍሪድሊ በቀኝ እጁ፣ በሚያምር ጽሕፈት ፈረመ። ፈርሞም ጨረሰ፤ ከዚያ እጁን አየ። ሬጉላም እጁን አየችው። ሁለቱም ስለ አየሩ አወሩ።

በሩ ላይ እንዲህ አለችው፦ «ጣቢያው ከመስኮቴ ይታያል። ስትሳፈር አይሃለሁ።»

ምን ያድርግ? ሳጥኑን ተሸክሞ ጣቢያ ሄደ፣ ትኬት ቆረጠ፣ ተሳፈረ፣ ለመስኮቷ እጁን አውለበለበ። በሚቀጥለው ጣቢያ ወርዶ መኪናውን ፍለጋ በወንዙ ዳር አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ተመለሰ። የበረዶ ውሃ የሚወርድበት ወንዝ በነሐሴ ሁልጊዜም ወተት ይመስላል፤ ይሄንን ማንም ያውቃል። ፍሪድሊ ግን በዚያ አንድ ሰዓት ውስጥ አንዴም ወደ ውሃው እንዳልዞረ ለቭረኒ ምሎላታል።

የመስከረሙ ቅዳሜ ደረሰ። ሁለት ዙር ነው የሚተኮሰው፤ አንደኛው ከምሳ በኋላ፣ ሁለተኛው ፍሪድሊ የአሥር ሰዓቱን አውቶቡስ አውርዶ ሲመለስ። ሳጥኑን ከፈተ። ሄይሪ በሙሉ ድምፁ ጮኸ።

«ኧረ ጉድ! ፍሪድሊ ግራ ገባው!»

«ትከሻዬን አሞኝ ነው።»

«ሃያ ሁለት ዓመት በቀኝ ሁለተኛ፣ ሃያ ሁለት ዓመት በግራ ሁለተኛ! ከዚያ በኋላ በእግርህ ትሞክራለህ!»

ፍሪድሊ ተጋደመ። ቤቱ በሙሉ እየሳቀ ነበር፤ የመጀመሪያው ጥይት ልክ መሃሉን መትቶ አሥር ላይ ገባ። ሁለተኛውም አሥር። በሦስተኛው ሳቁ ሳሳ፣ በአራተኛው አንድ ሰው «ዝም በሉ!» አለ፣ በአምስተኛው ሄይሪ የራሱን ባርኔጣ ነከሰው። አምስቱም አሥር ናቸው። እንዲህ ያለ ዙር ከዚህ በፊት በመንደራችን የተተኮሰው አንድ ጊዜ ነው፤ እሱንም የተኮሰው ሰው ራሱ ነው የሚመሰክረው። ፍሪድሊ ሲነሳ ፊቱ በርቶ ነበር። በሩ ላይ ስላለው ሚስማር እያሰበ መሆኑን ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

በዚህ ጊዜ ካስፓር፣ ማለትም ዶክተሩ፣ ዘግይቶ ገባ። ሄይሪ እጁን ይዞ ጎተተው።

«ና፣ አንተ፣ ተአምር እይ! ትከሻውን አሞት በግራ ተኩሶ ሁላችንንም ቀበረን!»

ካስፓር ጠመንጃውን አየ። መቀርቀሪያው ያለበትን ጎን አየ። ከጸደይ ጀምሮ በየወሩ ባዶ የቀረችውን የታማሚ ወንበር የሚያውቃት እሱ ብቻ ነው። ትከሻ አልነበረም የመረመረው። ሕግ ግን አፉን ለጉሞታል፤ የታማሚን ምስጢር ቋሊማ በሚበላበት ቤት አይናገርም። አንዲት ቃል ብቻ ነበረችው።

«በጣም ጥሩ ተኮሱ፣ አቶ ኤልመር» አለ።

ቤቱ በሙሉ ወደ ሐኪሙ ዞረ። ከዚያ ሄይሪ ዘሎ ደወሉን ያዘ። ጋ-ን!

«እርስዎ አለ! ሐኪሙ እርስዎ አለ! ወይን ለሁሉም!»

ካስፓር ዓይኑን ከፍሪድሊ አላነሳም። «ከመቼ ጀምሮ ነው በግራዎ የሚተኩሱት?»

ጋ-ን! ጠረጴዛ ተደበደበ፤ ብርጭቆ ወጣ።

«ጤናዎስ እንዴት ነው?»

ጋ-ን! «አንተ ካስፓር፣ ወንድሜ፣ ዛሬ ልትደኸይ ነው እንዴ የመጣኸው?» አለ ሄይሪ፤ በሳቅ እንባው ፈሰሰ። እኛም ሁላችንም ብርጭቆ አንስተን «በላቸው! አንድ ጊዜ ድገምልን!» እያልን ነበር። ፍሪድሊ ብቻ አልሳቀም። በዓይነ ልቡናው ነጭ ካፖርቱን አይቶ ነበር።

ቭረኒ ወጥ ቤት ቋሊማ እየጠበሰች ሦስቱንም ደወል ሰማች። ሹካዋን እንደያዘች ወጣች። ካስፓር በዚህ ቤት ባሏን «እርስዎ» ያለው እንደ ሐኪም እያናገረው መሆኑን ከሷ በቀር ያሰበ አልነበረም።

ፍሪድሊ ሰዓቱን አየ። «የአሥር ሰዓቱ ደርሷል። ተመልሼ ሁለተኛውን ዙር እተኩሳለሁ።»

«ፍሪድሊ፣ ዛሬ አትሂድ» አለች።

«ሰው ቆሞ ይጠብቃል እኮ፣ ቭረኒ።»

«ሰው ስለቆመ ነው አትሂድ የምልህ።»

ጎንበስ ብሎ አልፏት ወረደ። ካስፓር ከሱ ቀድሞ ወጥቶ ነበር። ሰናፍጭ አልቆ ስለነበር ሄይሪም ከታች ሊያመጣ ተከትሎ ተሳፈረ፤ እንደ ልማዱ ከሾፌሩ አጠገብ ቆመ። መቀመጫዎቹ ተይዘዋል፤ ትምህርት ቤት ልምምድ የነበራቸው ዘማሪዎች፣ አበባዋ የተጓዘባት አሮጊት፣ ሌሎችም።

ፍሪድሊ ተቀመጠ፣ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ተነሳ።

«ሐኪሙ ተቀይሞ ሄደ መሰለኝ» አለ። «ወይኑ በዛበት።»

ሄይሪ ወደ ፊት አየ። ካስፓር ከአውቶቡሱ ፊት፣ በቀኝ ጥግ፣ በሽቦ በታሰረው መስታወት አጠገብ ቆሟል። እጁን እስከ ደረቱ አንስቷል። ከቅርበቱ የሸሚዙ ቁልፎች ይቆጠራሉ።

«ማን ነው የሄደው?»

«ካስፓር ነዋ። የለም እኮ።»

ፍሪድሊ ማርሽ አስገባ።

ሄይሪ አፉን ለቀልድ ከፍቶ ነበር፤ ያ አፍ ሃምሳ ዓመት ያለ ቀልድ ተከፍቶ አያውቅም። አሁን ግን የፍየሏ ቀንድ መጣበት። የአበባው ሳጥን መጣበት። ግንቡ ላይ ያለው ቀይ ቀለም መጣበት፤ ደወሉንም በገዛ እጁ ሦስት ጊዜ መደወሉ። እጁን በጓደኛው ትከሻ ላይ አደረገ፤ በቀኙ፣ አሞኛል በሚለው። ትከሻው አልተሸማቀቀም።

«አቶ ኤልመር» አለ ሄይሪ፣ በቀስታ። «ሞተሩን ያጥፉት።»

ፍሪድሊ ዞሮ አየው። ከሄይሪ አፍ ይህን ቃል ሰምቶ አያውቅም፤ አብረው ላም ያገዱ፣ አብረው የተገረፉ ናቸው። መጀመሪያ ሊስቅ ፈለገ። ከዚያ ጭንቅላቱን በሙሉ፣ እንደ ጉጉት፣ ወደ ቀኝ አዞረ። እስኪያገኘው ድረስ አዞረ።

ሞተሩ ጠፋ። ቁልፉን በመስኮቱ አሳልፎ ዞሮ በመጣው በካስፓር መዳፍ ላይ ሲያስቀምጠው፣ ከላይ ከተኩስ ቤቱ ብርጭቆ ሲጋጭ ይሰማ ነበር፤ እዚያ ገና እየጠጡልን ነበር።

«ና፣ ፍሪድሊ» አለ ካስፓር፤ ከተኩስ ቤቱ ደጅ ውጭ፣ መንገድ ላይ። «ና፣ አንተ። ሁለተኛው ዙር አለብህ።»

ሄደ፤ ተኮሰ። እንደ ሁልጊዜው ሁለተኛ ወጣ። ጨርቁም አሁን ድረስ ሚስማሩ ላይ ነው።

የአሥር ሰዓቱ ተሳፋሪዎች በእግር ወረድን። አሥራ አራት ነበርን፤ እኔ ከሾፌሩ ኋላ በቀኝ በኩል ነበር የተቀመጥኩት። እስከ ክርኑ ድረስ ዘማሪዎቹ ይዘፍኑ፣ እኔም ስለ ሐኪሙ ወይን እያጋነንኩ አወራ ነበር። ክርኑ ላይ ስንደርስ ወሬው ራሱ ቆመ። አሮጊቷ ወደ ግንቡ ጠጋ ብላ በቀይ ቀለሙ ላይ መዳፏን አሳረፈች፤ ከሷ በኋላ ሁላችንም፣ ተራ በተራ። ከታች ወንዙ ይታያል። ነጭ ነበር።